ምርቃትን በመጽሐፍ ቅዱስ ፕሮግራም ስትፈልጉ

እዚህ ደብረ ማርቆስ ቡና ተጠጥቶ ሳይመረቅ መነሣት ነውር ነው። ይህን ምርቃት በቅዱስ መጽሐፍ መከተል ለምትወዱ አንድ ነገር ላካፍላችሁ።

በስልካችሁ ወይም በኮምፒውተራችሁ ባለው ፕሮግራም «በረከት» ብላችሁ ብቻ አትፈልጉ። ፊደላችን ከድምፁ ጋር ስለሚለዋወጥ ተራው ፍለጋ «ይባርክህ»ን ከ«በረከት» ጋር አያገናኘውም። ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ንባብ ስፈልግ ዘኍልቍ 6፥24 ያመለጠኝ በዚህ ምክንያት ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። «ባርክ»፣ «ባረከ»፣ «ቡሩክ» እያላችሁ ለየብቻ ፈልጉ። «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚል ምርጫ ካለ አጥፉት፤ ያኔ «ባርክ» ስትሉ «እባርክሃለሁ»ም ይመጣል። «ብፁዕ»ን በ«ፁ»ም በ«ጹ»ም ሞክሩት። «ምስጉን»ንም አትርሱ፤ በ1954ቱ ትርጉም መዝሙር 1 የሚጀምረው በእርሱ ነው።

ከዚያ ጥቅሱን ብቻ ሳይሆን ምዕራፉን ክፈቱ። ዘፍጥረት 27ን ተመልከቱ፤ ይስሐቅ የልጁን ልብስ አሽትቶ እግዚአብሔር የባረከውን እርሻ ሽታ ያስታውሳል፤ የሰማይ ጠልና የእህል ብዛትም ይመርቅለታል። ጤፍ ሲወቃ አውድማ ላይ የቆመ የጎጃም ሰው ይህን ሽታ ያውቀዋል።