ልጅ "ጭራቅ አለ" ሲላችሁ

ከ3 እስከ 6 ዓመት ልጅ ያላችሁ ሰዎች፣ ማታ "ጭራቅ አለ" ሲላችሁ እባካችሁ "የለም፣ ዝም ብለህ ተኛ" አትበሉት፣ በዚህ እድሜ የሚያስበውንና እውነተኛውን ገና በደንብ ስለማይለይ ፍርሃቱ የምር ነው፣ ዝም ስታስብሉት ብቻውን ይዞት ነው የሚተኛው። ቀን ላይ ወረቀትና ከለር ስጡትና "እስቲ ሳለው፣ ምን ይመስላል፣ የት ነው ሚቆመው" በሉት። እዚህ አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም የጎረቤቴ ልጅ የሳለው ጭራቅ ጭንቅላት የለውም፣ ረጅም እጅ ብቻ፣ ለካ በሩ ላይ የተሰቀለው ያባቱ ጃኬት ነው፣ መብራት ጠፍቶ ሻማ ሲበራ ጥላው ግድግዳው ላይ ይንቀሳቀሳል። ጃኬቱ ቁምሳጥን ገባ፣ ልጁም ተኛ።

ሁሌ ግን እንዲህ አይቀልም፣ አንዳንዴ ጭራቁ የቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ወይ አዲስ ትምህርት ቤት ነው፣ ስለዚህ ሲስል አታቋርጡት፣ ስሙት።

በእንቅልፉ መጀመሪያ ሰዓታት እየጮኸ ተነስቶ እናንተን ካላወቃችሁ ደግሞ በግድ አትቀስቅሱት፣ እንዳይጎዳ አጠገቡ ሁኑ፣ ጠዋት ብዙ ጊዜ አያስታውሰውም።

ደሞ "ካልበላህ አያ ጅቦ ይመጣል" ማለት ይቅር በናታችሁ፣ እንጦጦ ላይ የምር ጅብ ባለበት ከተማ!