ቅጠሉ ሲያጣብቅ፦ ቅርፊታም ተባይን ከቤት ተክል ማስለቀቅ

የፊከሱ ወይም የሎሚው ቅጠል እጅ ላይ ካጣበቀ፣ ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ከለበሰ፣ ጉንዳንም ግንዱ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ካለ ቅጠሉን ገልብጡት። ጅማቱን ተከትሎ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ የማይንቀሳቀስ ቡናማ ጉብታ ታያላችሁ። የተክሉ አካል ይመስላል፤ በጥፍር ሲገፋ ግን ይነሣል። ስኬል የሚባለው ተባይ ይኸው ነው። ጠንካራ ቅርፊት ያለው ዓይነት ጣፋጭ ፈሳሽ ስለማያንጠባጥብ እስኪያጣብቅ አትጠብቁ። ፈርን ቅጠል ጀርባ ላይ በመደዳ የተሰለፉት ነጥቦች ግን የተክሉ መራቢያ ናቸው፤ ተዉአቸው።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው አንዴ ረጭቶ ስለሚተው ነው። ቅርፊቱ ርጩን ይመልሳል። በቀላሉ የሚሞተው ገና የተፈለፈለውና ቅርፊት ያላበጀው፣ በዓይን እምብዛም የማይታየው ልጅ ነው።

መጀመሪያ ተክሉን ከሌሎቹ ለዩ፤ ክፉኛ የተወረረውን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉ። የቀረውን በጥፍር ወይም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፍቁ። 70% አልኮል የነካ ጥጥ እያንዳንዱ ጉብታ ላይ አስነኩ፤ ጄል ሳኒታይዘር አይሆንም።

ከዚያ አንድ ሊትር የሃይላንድ ውሃ መያዣ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ላርጎ፣ 2 የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምሩና በደንብ ናጡ። በአንድ ቅጠል ሞክራችሁ 2 ቀን ጠብቁ። ካላቃጠለ ማታ ላይ፣ በተለይ የቅጠሉን ጀርባ፣ እስኪንጠባጠብ እርጩ፤ እየረጫችሁም ደጋግማችሁ ናጡ፣ ዘይቱ ቶሎ ይንሳፈፋል። በማግስቱ ጠዋት በንጹሕ ውሃ እጠቡ። በየ7 ቀኑ ድገሙ። በለገጣፎና በሱሉልታ በኩል ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ የተባዩ እድገት ይጓተታል፤ ስለዚህ ከ6 ሳምንት በፊት አታቁሙ።

የዱቄት ሳሙናና በረኪና ቅጠል ያቃጥላሉ። የበረሮ መርጫም እንዲሁ፤ ለሚተነፍሰው ሰውም አይበጅም። ዘይት የነካውን ተክል ፀሐይ የሚመታው በረንዳ ላይ አታውጡ።

የሞተ ቅርፊት ተጣብቆ ስለሚቀር በቁጥሩ አትደንግጡ፤ በጥፍር ሲጫኑት ደርቆ የሚሰባበረው ሙት ነው፣ ርጥበት የሚያወጣው ሕያው። ከመንገድ ዳር ችግኝ ስትገዙም ጥቁሩ ፕላስቲክ ውስጥ እንዳለ ለ4 ሳምንት ብቻውን አስቀምጡት።