ቨርቹዋል ማሽንን ሳያጠፉ ወደ አዲስ ሰርቨር እንዴት ማዛወር ይቻላል?

ቨርቹዋል ማሽን በሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ኮምፒውተር ነው። ኪውኢሙና ኬቪኤም በሚባሉት የሊኑክስ ሶፍትዌሮች የሚሠራ ማሽን እየሠራ ሳለ ከአሮጌ ሰርቨር ወደ አዲስ ይዛወራል። ጣጣው የሚመጣው የሁለቱ ሰርቨሮች የኪውኢሙ ቨርዥን ሲለያይ ነው።

መጀመሪያ የማሽን ዓይነቱን፣ ማለትም ኪውኢሙ ለማሽኑ የሚያስመስለውን ሃርድዌር ስም፣ እዩ። አሮጌው ሰርቨር ላይ ቨርቹዋል ማሽኖችን በሚያስተዳድረው በቪርሽ መሣሪያ፣ በደምፕኤክስኤምኤል ትዕዛዝ የማሽኑን ዝርዝር አውጡ። «ፒሲ-ኪው35-6.2» ዓይነት ስም ታገኛላችሁ። መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር፣ ማለትም የኪውኢሙ ቨርዥን፣ ዋናው ነገር ነው። ኪውኢሙ 8.2 ይህን ስም ሲያይ የ6.2ን ሃርድዌር አስመስሎ ያቀርባል፤ ውስጥ ያለው ሲስተም መዛወሩንም አያውቅም።

ቀጥሎ አዲሱ ሰርቨር ይህን ስም ያውቀው እንደሆነ አረጋግጡ። የኪውኢሙን ትዕዛዝ «ማሽን ሄልፕ» ብላችሁ ስታስነሱት የሚያውቃቸውን ሁሉ ይዘረዝራል። በኪውኢሙ ፕሮጀክት ደንብ መሠረት አንድ የማሽን ዓይነት 3 ዓመት ሲሞላው «ጊዜው አልፏል» የሚል ምልክት ይለጠፍበታል፤ 6 ዓመት ሲሞላው ይወጣል። ከወጣ መላ የለውም። መሃል ላይ ሌላ ቨርዥን መረገጫ ማድረግም አይጠቅምም፤ ስሙ አብሮ ይጓዛልና። ያኔ ማሽኑን አጥፍቶ ዓይነቱን መቀየር ነው። ሬድ ሃት የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ደግሞ ሌሎቹ ላያውቋቸው የሚችሉ የራሱ የማሽን ዓይነት ስሞች አሉት። ከሬድ ሃት ወደ ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ወደ ዴቢያን በቀጥታ ለማዛወር ካሰባችሁ ይህን አስቀድማችሁ እዩ።

ሲፒዩው ሌላው ወጥመድ ነው። «ሆስት-ፓስስሩ» የሚለው ምርጫ የአሮጌውን ሲፒዩ እንዳለ ያሳያል፤ ሁለቱ ሲፒዩዎች ከተለያዩ ዝውውሩ ሊከሽፍ ይችላል። ሁለቱም የሚችሉትን የተሰየመ ሞዴል ምረጡ።

ዲስኩን ሁለቱም ሰርቨሮች ማየት አለባቸው። ካልሆነ አብሮ የሚቀዳበት አማራጭ አለ፣ ግን ጊዜ ይፈጃል። ፋየርዎል ላይ ከ49152 እስከ 49215 ያሉትን ፖርቶች ክፈቱ።

አሁን በቪርሽ ማይግሬት ትዕዛዝ «ላይቭ» የሚለውን ጨምራችሁ አዛውሩ። መጀመሪያ ግን ቢጠፋ የማያሳዝን ማሽን ላይ ሞክሩት።

መመለስስ? ከአሮጌ ወደ አዲስ መሄድ ፕሮጀክቱ የሚጠብቀው ቃል ነው። ከአዲስ ወደ አሮጌ መመለስ ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ግን ዋስትና የለውም። ስለዚህ አዲሱ ሰርቨር እስኪረጋጋ ድረስ የማሽን ዓይነቱን አትንኩ። መቀየር ስትፈልጉ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ አስነሱ፤ ከውስጥ ሪስታርት ማድረግ አይበቃም።