«እጄን ያሟልጨኛል»፦ በኬሚካል ስራ ላይ የሚታዩ ምልክቶች፣ መንስኤያቸውና መፍትሄያቸው

ጅማ ውስጥ ኬሚካል እየነካ የሚውለው ሰው ብዙ ነው። ፈሳሽ ሳሙናና በረኪና የሚያመርቱ ትንንሽ ቤቶች አሉ። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሰሩ ወጣቶች አሉ። የመጠጥ ውሃ በክሎሪን የሚያክሙ፣ በቡና ማጠቢያ ጣቢያ የፍሳሽ ጉድጓድ የሚጠርጉም አሉ። ሰው ሲጎዳ ታዲያ መጀመሪያ የሚሰማው «ግዴለሽ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። አብዛኛው አደጋ ከመድረሱ በፊት ምልክት ያሳያል። ምልክቱን ይዛችሁ ወደ ኋላ ስትሄዱ ደግሞ ያልተጻፈበት ጀሪካን፣ ለስራው የማይሆን ጓንት ወይም የተቋረጠ ውሃ ታገኛላችሁ።

ምልክቶቹን ከሰራተኛ አፍ እንደሚወጡት አስቀምጫለሁ። ፎርማን ከሆናችሁ፣ የራሳችሁን ማምረቻ የምታስተዳድሩ ከሆነ ወይም ራሳችሁ በርሜሉ አጠገብ የምትቆሙ ከሆነ ለእናንተ ነው።

«እጄን ያሟልጨኛል፣ ግን አያመኝም»

ይህን የሰማ ሰው ያንኑ ደቂቃ ስራውን ያስቁም። ሳሙና የሚሰራበት ኮስቲክ ሶዳ ቆዳ ላይ ሲያርፍ የቆዳውን ቅባት ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። ሙልጭልጭ የሚለው ነገር ከሰውየው ከራሱ ቆዳ የተሰራ ሳሙና ነው። አሲድ ወዲያው ስለሚያቃጥል ሰው ደንግጦ ይታጠባል። ኮስቲክ ግን መጀመሪያ ላይ ላያሳምም ይችላል። ህመሙ እስኪመጣ ድረስ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ይቆያል። አይን ውስጥ ሲገባ በጣም የሚፈራውም ለዚህ ነው።

ብዙውን ጊዜ መንስኤው ጓንቱ ነው። ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው የቆዳ ጓንት ለጭነትና ለብረታ ብረት ስራ የተሰራ ነው። ፈሳሽ ይመጥጣል፣ ኮስቲኩንም ይዞ እጅ ላይ ያቆየዋል። ስሱ የሀኪም ጓንት ደግሞ ቶሎ ይቀደዳል። ለዚህ ስራ የሚሆነው ናይትራይል ወይም ኒዮፕሪን ከሚባል ሰው ሰራሽ ጎማ የተሰራ ወፍራም ጓንት ነው፤ እስከ ክርን የሚደርስ ቢሆን ይመረጣል። የጓንቱን አፍ ወደ ውጭ እጠፉት። እጅ ወደ ላይ ሲነሳ ጠብታው እጥፋቱ ውስጥ ይቀራል እንጂ ወደ ክንድ አይወርድም።

ሁለተኛው መንስኤ አሟሟቱ ነው። ሁልጊዜ ኮስቲኩ ወደ ውሃው ይጨመራል። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፣ ኮስቲኩም በጥቂት በጥቂቱ ይግባ። በኮስቲኩ ላይ ውሃ ከተደፋበት በአንድ ጊዜ ይግላል፣ ይፈላል፣ ፊት ላይ ይረጫል። እቃው ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። የአልሙኒየም ድስት በፍጹም አይሆንም። ኮስቲክ አልሙኒየምን ይበላዋል፣ ሲበላውም ሃይድሮጅን ይወጣል። ሃይድሮጅን ደግሞ በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል።

ቆዳ ላይ ከነካ ልብሱን፣ ሰዓቱንና ቀለበቱን አውልቁ። ከዚያ በሚወርድ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ እጠቡ። አይን ከሆነ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ የአይኑን ቆብ በጣት ከፍቶ በመያዝ ይታጠባል። ሎሚም ኮምጣጤም አትጨምሩ፤ ጊዜ ያባክናሉ፣ ተጨማሪ ሙቀትም ይፈጥራሉ። የዩኒቨርሲቲው ህክምና ማዕከል ቅርብ ነው ብላችሁ ሰውየውን ሳታጥቡ ባጃጅ ላይ አትጫኑት። አይን የሚተርፈው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በሚፈሰው ውሃ ነው። መታጠቢያው ከስራው ቦታ በ10 ሰከንድ የሚደረስበት መሆን አለበት። የቧንቧ ውሃ ስለሚጠፋ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አንድ ሮቶ አስቀምጡ፤ ጎማ ይገጠምለትና ለሌላ ነገር አይቀዳበት። በኔ እይታ አንድ የሳሙና ማምረቻ ከማቀላቀያው በፊት መግዛት ያለበት ይህንን ነው።

«አይኔን ያቃጥለኛል፣ ጉሮሮዬን ያንቀኛል»

ብዙውን ጊዜ በረኪና ከአሲድ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ቢገናኝም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

«እኛ አልቀላቀልንም» ሲሉ ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው። ጠዋት አሲድ የተቀዳበት ጆግ ከሰዓት በረኪና ይቀዳበታል። ወይም የአሲዱና የበረኪናው ክፍሎች ሲታጠቡ ፍሳሻቸው እዚያው አንድ ቦይ ውስጥ ይገናኛል። ስለዚህ ሰዎቹን ከመጠየቃችሁ በፊት ጆጉንና ቦዩን ተመልከቱ። ለአሲድ ቀይ ጆግ፣ ለበረኪና ሰማያዊ ጆግ ይሁን፤ ቀለሙን እናንተ ምረጡ፣ ግን አይቀያየር። መጋዘናቸው ይለያይ፣ ቦያቸውም ይለያይ።

ጋዙ ከወጣ በኋላ የሚደረገውም ከልማዳችን ይለያል። በእሳት ጭስ ጊዜ ዝቅ በሉ እንባላለን። ክሎሪን ግን ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። ቀጥ ብላችሁ ውጡ፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሂዱ፣ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ። የአየር ማስወጫውም በዚሁ ምክንያት ወለሉ አጠገብ መሆን አለበት። በብዙ ቤት ግን ጣሪያው ስር ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። እዚያ ከፍታ ላይ ሙቀት ያወጣል፣ ክሎሪኑ ግን እግር ስር ይቀራል።

የአቧራ ማስክ ጋዝ አያስቀርም፣ የጨርቁም አያስቀርም። ማጣሪያ የሚገጠምለት ማስክ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ደረጃ የተሰራ ማጣሪያ በቀለሙ ይለያል፤ ለክሎሪን ግራጫው ነው፣ ለአሞኒያ አረንጓዴው፣ ለቀለም ማቅጠኛ አይነት ትነት ቡናማው። ጋዙን የሳበ ሰው ንጹህ አየር ሲያገኝ ቢሻለውም ደረቱ ከተጨነቀ ወይም ሳሉ ካልተወው ሆስፒታል ይሂድ። ሳንባ ውስጥ ውሃ መቋጠር ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ስለ ወተትም እዚሁ ልናገር። ኬሚካል ወይም አቧራ የሳበ ሰው ወተት ከጠጣ ይጸዳል የሚለው እምነት በጣም ስር የሰደደ ነው። ለሰራተኛ ወተት የሚያቀርብ አሰሪ ደግ ሰው ነው፤ ወተቱም ምግብ ነው። ሆድ የገባ ወተት ግን ሳንባ የገባ ጋዝ አያወጣም። ወተት ስላለ ማስክ አያስፈልግም የሚባልበት ቤት ካለ አደገኛ ቤት ነው።

«ቅድም ይሸት ነበር፣ አሁን ጠፍቷል»

እዚህ ከጻፍኳቸው ሁሉ ይህንን አጥብቄ እፈራለሁ። ጅማ ዙሪያ፣ በጎማም ሆነ በማና ወረዳ፣ ቡና ይታጠባል። የታጠበበት ውሃ ስኳርና ሙልጭልጩን ልፋጭ ይዞ ጉድጓድ ይገባል፣ እዚያ ይብላላል። አየር ያጣ ፍሳሽ ሲበሰብስ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያወጣል። ሽታው የገማ እንቁላል ነው። የፋብሪካ ፍሳሽ ማጠራቀሚያም ተመሳሳይ ነው።

ጋዙ ሲበዛ የማሽተት ነርቭን ያደነዝዛል። ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር 100 እጅ ገደማ ሲደርስ አፍንጫ በደቂቃዎች ውስጥ መስራት ያቆማል። ሰውየው «ጠፋ» ሲል ጋዙ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ራሱን ይስታል። ጓደኛው ሊያወጣው ይገባል፣ እሱም ይወድቃል። አሜሪካኖች በ1986 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባወጡት ማስጠንቀቂያ እንዲህ ባለ ዝግ ቦታ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለማዳን የገቡ ሰዎች ነበሩ። ወንድምን ጥሎ መቆም ለኛ ሰው ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ነገሩ ከመድረሱ በፊት መነገር ያለበት።

መፍትሄው አለመግባት ነው። ከላይ ሆኖ በፓምፕና በረጅም እጀታ መጥረግ ከተቻለ ማንም አይግባ። መግባት የግድ ከሆነ ግን ጋዝ መለኪያ ወደ ታች ወርዶ ይለካ። የኦክስጅኑ መጠን ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ አይገባም። አየር በማሽን ይነፋ። የሚገባው ሰው የሰውነት ቀበቶ ይታጠቅ፣ ገመዱም ውጭ ካለ ማንሻ ጋር ይታሰር። የጉድጓዱ አፍ ላይ የሚቆም ሰው ይመደብ፤ የሱ ስራ ገመዱን መሳብና ሰው መጥራት ብቻ ነው፣ ምንም ቢሆን አይገባም። ማጣሪያ ያለው ማስክ እዚህ አይበቃም። ማጣሪያ አየር ያጣራል እንጂ የሌለ ኦክስጅን አይፈጥርም። ሻማ ወይም ክብሪት ለኩሶ መሞከርም ይቅር፤ እዚያው ሚቴን የሚባል የሚቀጣጠል ጋዝ ሊኖር ይችላል።

«ጀሪካኑ አበጠ»

በረኪና ሲሞቅና ፀሀይ ሲያገኘው እየፈረሰ ኦክስጅን ያወጣል። ክዳኑ ድፍን ከሆነ ጀሪካኑ ይነፋል፤ ሲከፈትም ፊት ላይ ይረጫል። ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ መተንፈሻ ያለው ክዳን ግዙ፣ የቆየውን አስቀድማችሁ አውጡ። ያበጠውን የሚከፍት ሰው መነጽርና ጓንት ያድርግ፣ ፊቱን መልሶ ክዳኑን ቀስ ብሎ ያላላው።

«ኮስቲኩ ድንጋይ ሆነብን»

ይህ የክረምት ችግር ነው፣ ጅማ ላይ ደግሞ ዝናቡ ረጅም ነው። ኮስቲክ እርጥበት ከአየር ይስባል። አፉ ተከፍቶ የቀረ 25 ኪሎ ከረጢት ይጋገራል፤ ልጆቹም በመዶሻ ይሰብሩታል። ፍንጣሪው አይን ውስጥ ይገባል። መዶሻ መከልከል ብቻ አይበቃም፣ ስራው መሄድ አለበትና። ከረጢቱ ከወለል ከፍ ባለ እንጨት ላይ ይቀመጥ፣ የተከፈተው ከረጢት ክዳኑ ገጥሞ በሚዘጋ የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ይገልበጥ፣ ሲገዛም ለጥቂት ሳምንት የሚበቃው ብቻ ይገዛ። የክሎሪን ዱቄት ከሆነ ነገሩ ይብሳል። እርጥበት ሲያገኘው ይግላል፣ ክሎሪን ይለቃል። ከዘይት፣ ከከሰል ወይም ከአሲድ ጋር ከተነካካ ደግሞ እሳት ሊነሳ ይችላል።

«መብራት መጣና ማሽኑ ተነሳ»

መብራት ሲሄድ ማቀላቀያው ይቆማል። «እስኪመጣ ላጽዳው» ብሎ አንዱ እጁን ይከታል። መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ ይዞራል። ሰውየውን ከመውቀስ በፊት ሲዊቹን እዩት፤ እንደተከፈተ የሚቀር አይነት ነው። ኤሌክትሪክ ሰራተኛ ጠርታችሁ በኮንታክተር የሚነሳ ማስነሻ አስገጥሙ፤ ያኔ መብራት ሲመለስ ሰው ካልጫነው አይነሳም። ለማጽዳት ደግሞ ብሬከሩ ይዘጋ፣ በቁልፍ ይቆለፍ፣ ቁልፉም በሚያጸዳው ሰው ኪስ ይሁን።

«ቫልቩ ድሮም ያንጠባጥባል»

ከስሩ ባልዲ ተቀምጦለታል፣ ባልዲው ሲሞላ ይደፋል፣ ማንም አያየውም። ምልክቱ ባልዲው ነው። በቦፓል፣ ህንድ፣ እንደ ፈረንጆቹ በታህሳስ 1984 በሺዎች የሚቆጠር ህዝብ የፈጀው ጋዝ ሲወጣ፣ የጋኑ ማቀዝቀዣ ቀድሞውኑ ተዘግቶ ነበር፣ ጋዙን የሚያቃጥለው ማማም አይሰራም ነበር። ፋብሪካው ያንን ተላምዶት ነበር። በእናንተም ቤት ከፈሳሽ ስር የተቀመጠ ባልዲ ወይም በሽቦ የታሰረ ቱቦ ካለ ቀን ቆርጣችሁ አስጠግኑት፤ እስከዚያ መስመሩ ይዘጋ።

«ውሃ መስሎኝ ጠጣሁት»

ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ የተቀዳ ኬሚካል። ሌላ መንስኤ አትፈልጉ። የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ ወደ ማምረቻው አይግባ፣ የመጠጥ ውሃው ከበሩ ውጭ ይሁን። እያንዳንዱ እቃ ላይ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ስሙ ይጻፍ፣ ማንበብ ለማይችለውም ቀይ ጠርዝ ያለው የአደጋ ምልክት ይለጠፍ። የጠጣ ሰው አፉን ይጉመጥመጥ፤ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፣ ሲመለስ ጉሮሮውን ደግሞ ያቃጥለዋል። እቃውን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ ሀኪሙ ምን እንደነበር ማወቅ አለበት።

«እየገዛሁላቸው አይለብሱም»

ይህ የባለቤቶች ሮሮ ነው። ግን ልበሱት፣ ራሳችሁ። መነጽሩ በሙቀት ይታፈናል፣ ምንም አያሳይም። ቦቲው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ጓንቱ ትልቅ ስለሆነ ክዳን አይከፍትም። የማይታፈን መነጽር፣ የተለያየ ቁጥር ቦቲ ግዙ። ከዚያም በፊት እጅ ከኬሚካሉ የሚርቅበትን መንገድ ፈልጉ፦ በጆግ ከመቅዳት የእጅ ፓምፕ ይሻላል።

«ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?»

ይህም የአለቆች ጥያቄ ነው። እቃ የሰበረ ከደመወዙ ይቆረጥበታል፣ የቀን ሰራተኛም «ጓንቴ ተቀደደ» ሲል ነገ አትምጣ ይባላል። በዚህ ሁኔታ ማን ይናገራል? በሩ አጠገብ ደብተር ስቀሉ፣ ሰው ያልተጎዳበትም ነገር ይጻፍበት፦ ፈሰሰ፣ ሸተተ፣ አንሸራተተ። መጻፍ ለማይችል ፎርማኑ ይጻፍለት። የመጀመሪያው ቅሬታ እዚያው ቀን መፍትሄ ያግኝ፣ የተናገረውም አይቀጣ። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመከላከያ እቃ ማቅረብንና አጠቃቀሙን ማሳየትን፣ የደረሰ አደጋ መመዝገብንና ለሰራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ማሳወቅን የአሰሪው ግዴታ አድርጎታል። ሰራተኛውም የተሰጠውን መጠቀምና ያየውን ጉድለት መናገር ግዴታው ነው፤ ለመናገር ግን የሚሰማው አለቃ ያስፈልገዋል።