«አማኑኤል ውሰዱት» ከማለታችን በፊት

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሌሊት ሰው ሲታወክ ቤተሰቡ የሚሮጠው ወደ ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ የሚያገኘው የአእምሮ ሐኪም ሳይሆን ተረኛ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ነው። የምንሠራቸውን አራት ስህተቶች የምጽፈው ለእኛው ለተረኞቹ ነው።

ስኳር ሳይለኩ ሪፈር መጻፍ
ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይሄ ነው። የሚጮኽ ሰው ታስሮ ሲመጣ «አማኑኤል ውሰዱት» ብሎ ወደ አእምሮ ሆስፒታሉ መላክ ይቀናናል። ግን ኢንሱሊን ተወግቶ እራት ያልበላ የስኳር ሕመምተኛም ስኳሩ ወርዶ ይለፈልፋል፣ ይማታል። ስኳር መለካት ደቂቃ አይፈጅም። ሳንለካ ከላክነው ግን መንገድ ላይ አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ትኩሳት ካለው ማጅራት ገትርን፣ ከቆላ ከመጣ ወባን፣ ወድቆ ከነበረ የጭንቅላት ጉዳትን እናስብ። አረቄ ካቆመ ሁለት ሦስት ቀኑ ሆኖ የሚንቀጠቀጥና የሌለ ነገር የሚያይ ከሆነ ደግሞ ዲያዜፓም የሚባለው ማረጋጊያ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ይህ ሕመም ይገድላል። ቤተሰብ «ትናንት ደህና ነበር» ካለ፣ ሰውየውም ቀኑና ቦታው ከጠፋበት፣ መጀመሪያ አካሉን እንመርምር።

ያሰሩትን ሰዎች መቆጣት
ያሰሩት ወንድሞቹ ናቸው፤ ጨንቋቸው ነው። በደረቱ አስተኝተው እንዳይጫኑት ግን እንንገራቸው፤ ትንፋሽ ያሳጣዋል። አንድ ሰው ብቻ ቀስ ብሎ ያናግረው፤ ውኃ ይስጠው። ሲረጋጋ ገመዱ ይፈታ።

መርፌ ወግቶ ዝም ማለት
ለአንድ ወጣት ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የሚያረጋጋ መርፌ ሰጥተን ለቤተሰቡ ምንም ሳንነግር ላክነው። በማግስቱ አንገቱ ተጠማዘዘ፤ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ። ቤተሰቡ «ጋኔን ነው» ብለው ጸበል ወሰዱት፣ መድኃኒቱም ቀረ። ዛሬም ይቆጨኛል። ያ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ ይታያል፤ ፕሮሜታዚን የሚባል መድኃኒት ይፈታዋል። ጸበል መሄድን አንከልክል። መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ፣ አንገቱ ከተጠማዘዘም ቶሎ እንዲያመጡት ግን አስቀድመን እንንገራቸው። ሪፈር ከጻፍንም የመድኃኒቱ ስም፣ መጠንና ሰዓት ይኑርበት።

ስለ ሞት መጠየቅን መፍራት
ብረኪና የጠጣች ልጅ ስትመጣ ማስመለስ የለብንም፤ ሲመለስም ጉሮሮዋን ያቃጥላል። ከዳነች በኋላ ብዙዎቻችን ዝም ብለን እንሸኛታለን። «እህቴ፣ ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ነበር?» ብንላት ያልነበረ ሐሳብ አንሰጣትም። ብዙ ጊዜ የሚጠይቅ ሰው በማግኘቷ ታለቅሳለች፣ ትናገራለች። እናትየዋንም ለብቻ ጠርተን የቀረውን ብረኪናና የአይጥ መርዝ ዛሬውኑ ከቤት እንድታወጣ እንንገራት።