የካፕሱል ዘመን የጦር ሽጉጦችን ለመሰብሰብ

ለመጀመሪያ ጊዜ አሮጌ የጦር ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በሚያብለጨልጭ ብረትና በተወለወለ እንጨት ላይ ነው። የእኔም የመጀመሪያ ግዢ እንዲሁ ነበር። ሻጩ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎት ስለነበር ትናንት የተሠራ ይመስል ነበር፤ ቤት ወስጄ በአጉሊ መነጽር ስመለከተው ግን የሠሪው ስም ከብረቱ፣ ሽጉጡን ለሠራዊቱ የተረከበው መርማሪ ማኅተም ከእንጨቱ ላይ ተፍቆ ጥላው ብቻ ቀርቷል። የጦር ሽጉጥ ዋጋው በእነዚያ ምልክቶችና ባልተነካ ገጽታው ላይ ስለሆነ፣ ያ ሽጉጥ ዛሬ የሚጠቅመኝ ለጀማሪዎች ማሳያነት ብቻ ነው።

የካፕሱል ሽጉጥ፣ ባልጩት ድንጋይ ከብረት ጋር ተጋጭቶ በሚያወጣው ብልጭታ ከሚተኩሰው ከቀዳሚው የባልጩት ሽጉጥ የሚለየው በአቀጣጠሉ ነው። አሌክሳንደር ፎርሳይዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ቄስ፣ ሲመታ የሚፈነዳ ቅመም ባሩድን እንዲያቀጣጥል የሚያደርገውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1807 በፓተንት አስመዘገበ፤ በ1820ዎቹ ደግሞ ቅመሙ በትንሽ የመዳብ ቆብ ውስጥ ተደርጎ ካፕሱል በሚባለው መልኩ ተስፋፋ። ካፕሱሉ የሚደፋው በአፈሙዙ ግርጌ ባለች፣ መሐሏ ቀዳዳ በሆነ የብረት ጡት ላይ ሲሆን፣ መዶሻው ሲመታው እሳቱ በቀዳዳው አልፎ ባሩዱ ዘንድ ይደርሳል። የታላላቆቹ አገሮች ሠራዊት ይህን ስልት በስፋት የያዘው በ1830ዎቹ መጨረሻና በ1840ዎቹ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሪቮልቨር ስለተካው፣ ባለ አንድ ጥይቱ የካፕሱል ሽጉጥ ዘመኑ አጭር ነው፤ ማጠሩም ሰብሳቢውን ይጠቅመዋል፣ የአንድን አገር ሞዴሎች ጠንቅቆ ለማወቅ ዕድሜ ልክ አይጠይቅምና። ከየአገሩ አንዳንድ ከመልቀም አንድ መስመር ይዞ መዝለቅ ይሻላል የምለውም ለዚህ ነው።

ማንኛውንም ሽጉጥ በእጅ እንደያዙ ከሁሉ በፊት ጎራሽ መሆን አለመሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ተጠቅጥቆ የቀረ ባሩድ ካልራሰ ዛሬም ይፈነዳል። ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ እስኪቆም ድረስ በቀስታ ያስገቡ፤ አፉ ላይ የደረሰበትን ቦታ ምልክት ያድርጉና ዘንጉን አውጥተው በውጭ በኩል ከአፈሙዙ ጎን ያስተኙት። የዘንጉ ጫፍ ከጡቷ አጠገብ ከደረሰ አፈሙዙ ባዶ ነው፤ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ቀደም ብሎ ከቆመ ግን እርሳስና ባሩድ ውስጡ እንዳለ ይቁጠሩ፤ ራስዎ ለማውጣት ሳይሞክሩ ለመሣሪያ ጠጋኝ ይስጡት። ሻጩ «ባዶ ነው» ማለቱ ይህን ምርመራ አያስቀርም።

ከዚያ በኋላ መዶሻው በግማሽ ሲወጣ ምላጩ ቢነካም መያዙን፣ ሙሉ በሙሉ ሲወጣም ጸንቶ መቆሙን ይፈትሹ፤ ሲመልሱት በአውራ ጣት ይዘው ቀስ ብለው ያውርዱት፣ ያለ ካፕሱል የሚወድቅ መዶሻ ጡቷን ይቀጠቅጣልና። የብሎኖቹን አናት መመልከትም አይዘንጋ። በማይመጥነው ካቻቢቴ የተላጠ ብሎን ሽጉጡ ብዙ ጊዜ እንደተፈታ ይናገራል።

ብዙዎቹ የዘመኑ ሽጉጦች መጀመሪያ የባልጩት ሆነው የተሠሩና በኋላ የተለወጡ ናቸው። የፈረንሳይ ሞዴል 1822 ከእነዚህ የታወቀው ሲሆን፣ በተለወጡት ላይ ከሞዴሉ ዓመት ቀጥሎ የሚታየው «ቴ» (T) የተባለው ፊደል መለወጣቸውን ያመለክታል። የተለወጠ ሽጉጥ መዶሻው በተያያዘበት የብረት የጎን ሰሌዳ ላይ ጠባሳ ይይዛል፦ የባልጩቱ እሳት ይወድቅበት የነበረው ገበታና ባልጩቱ የሚመታው ብረት የታሰሩባቸው ቀዳዳዎች በብረት ተደፍነው ይታያሉ። በሠራዊቱ የጦር ግምጃ ቤት የተለወጠ ሽጉጥ ራሱ ታሪክ ስለሆነ ጠባሳው ነውር አይደለም። ነውሩ ግልባጩ ነው፤ የባልጩት ሽጉጥ በጨረታ ከፍ ያለ ዋጋ ስለሚያወጣ የተለወጠውን ወደ ባልጩት የሚመልሱ አሉ። በእንዲህ ያለው ላይ አዲሶቹ ክፍሎች ከአሮጌው ብረት ጋር ቀለማቸው አይስማማም፤ በእሳት መተላለፊያው ዙሪያም የብየዳ ምልክት ይገኛል።

ክፍሎች አብረው ማርጀታቸውን እንዴት እንደምመረምር በአሜሪካው ሞዴል 1842 ላሳይ። ይህ ሽጉጥ ጠመዝማዛ ቦይ የሌለው፣ ርዝመቱ 21.6 ሳንቲሜትር፣ የውስጥ ስፋቱ 13.7 ሚሊሜትር የሆነ አፈሙዝ አለው፤ ማሰሪያዎቹ ነሐስ ናቸው፤ መጠቅጠቂያው ዘንግም እንዳይጠፋ በማጠፊያ ተይዟል። ሄንሪ አስተን በ1845 በተፈረመ ውል 30,000፣ አይራ ጆንሰን በ1851 ውል 10,000 እንዲሠሩ ታዘዙ። ሁለቱም ሥራቸው ኮነቲከት ውስጥ በሚድልታውን ስለነበር፣ በጎን ሰሌዳው ላይ የሠሪው ስም፣ የከተማው አህጽሮትና ዓመተ ምሕረቱ ይነበባሉ። እኔ በመጀመሪያ የሰሌዳውን ዓመት በአፈሙዙ ግርጌ ካለው ዓመት ጋር አስተያያለሁ። የአንድ ዓመት ልዩነት አያሳስበኝም፤ የአራትና የአምስት ዓመት ልዩነት ግን ከሁለት ሽጉጥ አንድ እንደተሠራ ያስጠረጥረኛል። ቀጥሎ እንጨቱን አገላብጬ ከሰሌዳው ትይዩ ያለውን የመርማሪውን ማኅተም እፈልጋለሁ፤ ጠርዙ በጣት ሲዳሰስ ካልተሰማኝ እንጨቱ ተፍቋል ማለት ነው። በጡቷ ዙሪያ ያለው የዝገት ጉድጓድም ይመሰክራል። የካፕሱሉ ቅመም ጥሎት የሚሄደው ጨው ብረት ስለሚበላ፣ ብዙ የተተኮሰበት ሽጉጥ እዚያው ጋር ነቁጥ ነቁጥ መሆኑ ይጠበቃል። ዙሪያው ነቁጥ ሆኖ ጡቷ ብቻ ለስላሳ ብትሆን ጡቷ ተለውጣለች፤ ይህን እንኳ የሚያልቅ ዕቃ ስለሆነች ይቅር እላለሁ።

ዘመናዊ ቅጂዎችም ገበያውን ሞልተውታል። ጣሊያን ውስጥ የተሠሩት በአብዛኛው የአፈሙዙ ጥንካሬ መፈተሹን የሚያሳይ የመሞከሪያ ማኅተምና ዓመቱን የሚያሳይ የፊደል ምልክት በአፈሙዙ ላይ አላቸው፤ አታላዩ ያንን በሞረድ ስለሚያጠፋው፣ አፈሙዙ ከእንጨቱ ተነቅሎ ታችኛው ጎኑ እንዲታይ መጠየቅ መብትዎ ነው። ሻጩ እምቢ ካለ ይለፉት።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። ለምሳሌ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራን መሣሪያ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጥረዋል፤ ሌላው አገር በሌላ መለኪያ ይሄዳል። ስለዚህ ከመግዛትም ሆነ ድንበር ከማሻገር በፊት የአገሩን ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል።

አጠባበቁን በተመለከተ ከሚደረገው የማይደረገው ይበልጣል። የረጋውን ቡናማ ቀለም አይፈግፍጉ፤ ነሐሱንም አያብሩ፤ ቀይ ሆኖ የሚላጥ ዝገት ካለ በቀጭን ዘይት አርሰው በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉትና ስስ ሰም ይቀቡት። የእጅ ላብ ስለሚያዝግ ሲይዙት የጥጥ ጓንት ያድርጉ። ሽጉጡ ከነቆዳ ማኅደሩ ቢገኝም እንኳ ለየብቻ ያስቀምጧቸው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የለፋበትም ቅመም ብረቱን በማኅደሩ ቅርጽ ልክ ያዝገዋል።