በተሳሳተ አድራሻ ወደ ሐሰተኛ ገጽ እንዳይገቡ፦ ብሮውዘርዎ እንዲያስጠነቅቅዎ እንጂ እንዳይወስንልዎ ማድረግ

የድረ ገጽ አድራሻ ሲጽፉ አንዲት ፊደል ብትገደፍ የሚከፈተው ገጽ ያሰቡት ላይሆን ይችላል። ይህን ስህተት የሚጠብቁ ሰዎች የታወቁ ድርጅቶችን ስም የሚመስሉ አድራሻዎችን አስቀድመው ያስመዘግባሉ፤ ከዚያም ማስታወቂያ ያሳዩበታል፣ ሲከፋም የይለፍ ቃል ይሰርቁበታል። ብሮውዘር ሠሪዎች ተጠቃሚውን ማስጠንቀቅ እንደሚገባቸው አምናለሁ፤ ሳይጠይቁት ወደ ሌላ ገጽ መውሰድ ግን ሥልጣናቸው ሊሆን አይገባም።

በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያው መብራቱን ያረጋግጡ። በማይክሮሶፍት ኤጅ ቅንብሮች ውስጥ፣ ስለ ግላዊነት በሚናገረው ክፍል፣ ከደህንነት አማራጮቹ መካከል የአድራሻ አጻጻፍ ስህተትን የሚከላከለውን ይፈልጉና ያብሩት። ክሮም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ፣ የጻፉት አድራሻ ዘወትር ከሚጎበኙት ወይም በሰፊው ከሚታወቅ ገጽ ጋር ከተመሳሰለበት፣ ገጹን ከመክፈቱ በፊት ወደ ትክክለኛው መሄድ ፈልገው እንደነበር ይጠይቅዎታል። ፋየርፎክስና ሳፋሪ በአደገኛነታቸው የተመዘገቡ ገጾችን ያግዳሉ፤ ዛሬ የተከፈተና ገና ያልተመዘገበ ገጽ ግን ሊያመልጣቸው ይችላል።

ጥያቄው ሲመጣ ሁለቱን አድራሻዎች ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ። ስሙ የሚመሳሰል ትንሽ ድርጅት ሕጋዊ ሊሆን ስለሚችል፣ የመጨረሻው ውሳኔ የእርስዎ መሆኑ ተገቢ ነው። ውሳኔው ከተጠቃሚው ሲወሰድ የሚሆነውን እ.ኤ.አ. በ2003 አይተናል፦ የነጥብ ኮምና የነጥብ ኔት መዝገብ ያዥ የሆነው ቬሪሳይን፣ ያልተመዘገበ አድራሻ የጻፈን ሰው ሁሉ ወደ ራሱ ገጽ መውሰድ ጀመረ። የላኪው አድራሻ በእርግጥ መኖሩን በመፈተሽ አይፈለጌ ኢሜይል የሚለዩ ሥርዓቶች ሳይቀሩ ተዛቡ፤ አሠራሩም በመስከረም አጋማሽ ተጀምሮ የኢንተርኔት አድራሻዎችን ሥርዓት በሚያስተባብረው ድርጅት በአይካን ጥያቄ በጥቅምት መጀመሪያ ቆመ።

ከዚያ አድራሻውን ማንበብ ይልመዱ። ከስሙ ቀጥሎ ከሚመጣው የመጀመሪያ ስላሽ በፊት ያለውን ክፍል ከቀኝ ወደ ግራ ያንብቡ፤ የገጹን ባለቤት የሚያሳየው ከማብቂያው (ለምሳሌ ከነጥብ ኮም) ቀድሞ ያለው ስም ነው። በነጥብ ኮም ነጥብ ኢቲ በሚያበቁ የኢትዮጵያ አድራሻዎች ከሁለቱም ማብቂያዎች በፊት ያለውን ስም ይመልከቱ። የባንክዎ ስም መጀመሪያ ላይ ቢታይም፣ ከማብቂያው በፊት ሌላ ስም ካለ ገጹ የባንኩ አይደለም። አር እና ኤን የተባሉት የላቲን ፊደላት በትንሹ ተጠጋግተው ሲጻፉ ኤምን ስለሚመስሉ፣ በተለይ በስልክ ላይ አድራሻውን አጉልተው ይዩት። በብዙ ብሮውዘሮች ከአድራሻው ጎን የሚታየው የቁልፍ ምልክት ግንኙነቱ መመስጠሩን እንጂ የባለቤቱን ታማኝነት አያረጋግጥም፤ የምስጠራ ሰርተፍኬት ለአጭበርባሪም በነጻ ይሰጣል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን የባንክና የኢሜይል አድራሻን በእጅ አለመጻፍ ነው። አንድ ጊዜ በትክክል ይክፈቱት፣ ዕልባት (ቡክማርክ) ያድርጉለት፣ የይለፍ ቃሉንም የይለፍ ቃሎችን ይዞ በሚሞላ ፕሮግራም፣ ማለትም በይለፍ ቃል አስተዳዳሪ፣ ያስቀምጡ። አስተዳዳሪው የሚያመሳክረው የገጹን መልክ ሳይሆን የተመዘገበውን አድራሻ ስለሆነ፣ በለመዱት ገጽ ላይ የይለፍ ቃሉን ካልሞላልዎ በእጅዎ ሊሞሉት አይቸኩሉ፤ አድራሻውን እንደገና ይመርምሩ።

በሐሰተኛ ገጽ ላይ የይለፍ ቃል አስገብተው ከሆነ በዕልባትዎ በኩል ወደ ትክክለኛው ገጽ ገብተው ወዲያውኑ ይቀይሩት፤ ያንኑ ቃል የተጠቀሙባቸውን ሌሎች አካውንቶችም አይርሱ። ጉዳዩ የባንክ ከሆነ በካርድዎ ጀርባ ባለው ቁጥር ይደውሉ ወይም ቅርንጫፉ ድረስ ይሂዱ። በመጨረሻም ሐሰተኛውን ገጽ በብሮውዘርዎ የጥቆማ አማራጭ በኩል ያሳውቁ፤ ጥቆማው ከተረጋገጠ ያንኑ ስህተት ለሚሠራው ቀጣይ ሰው ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል።